ነክተሃል

አልነካሁትም።

ከዚህ እንጀምር። ሌላውን ሁሉ ልተውላችሁ እችላለሁ፤ ይቺን ግን አልተውም። ነገሩ የሆነው በ2003 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ አግብቻለሁ፣ ሁለት ልጆች ወልጃለሁ፣ አባቴን ቀብሬያለሁ፣ ሦስት ቤት ተከራይቼ ለቅቄያለሁ። ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ሰርጌ ላይ ምን እንደተበላ ብትጠይቁኝ እኔም ባለቤቴን ነው የምጠይቀው። ያ ብረት ግን ከነቀይና ነጭ ቀለሙ፣ ከቆመበት የቀለም ጣሳ፣ ጣሳው ውስጥ ከተሞላው ሲሚንቶ፣ ሲሚንቶው ሳይደርቅ የሆነች ዶሮ ረግጣው ካለፈችበት ምልክት ጋር እስከ ዛሬ ፊቴ ላይ ቆሟል።

መንጃ ፈቃድ ያላወጣ ሰው እንኳ ያወጣ ዘመድ አለውና ነገሩን ያውቀዋል። ሜዳ አለ። ሜዳው ላይ ብረቶች በአራት ማዕዘን ቆመዋል። መኪናዋን ወደ ኋላ እየነዳህ መሃላቸው ታስገባታለህ፣ ታቆማታለህ፣ ታወጣታለህ። ብረት ከነካህ ወደቅህ። በቃ።

እኛ እኮ መኪና መንዳት አልተማርንም፤ ብረት መቁጠር ነው የተማርነው። አሰልጣኜ (ጋሼ ነበር የምለው፤ ቢበልጠኝ አምስት ዓመት ነው፣ ግን መሪ ያስጨበጠህ ሰው ጋሼ ነው) ትምህርቱን በሦስት መስመር ነበር የጨረሰው። «ሁለተኛው ብረት የኋላ መስኮቱ ጥግ ላይ ሲመጣልህ ሙሉ ስበር። ሦስተኛው በግራ ስፖኪዮ ብቅ ሲል መልስ። ቀጥ ስትል ምንም ሳትነካካ ግባ።» ይቺን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ደገምኳት። ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ትራሱን እሰብራለሁ፣ ትራሱን እመልሳለሁ። ችግሩ ይህ ድግምት የሚሠራው ለአንዲት መኪና ብቻ መሆኑ ነበር፤ በሯ ከውጭ ብቻ ለሚከፈት ለዚያች ዲኤክስ። የፈተናው ቀን የደረሰኝ ሌላ ዲኤክስ ነው። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ የኋላ መስኮቱ ጥግ ላይ ደግሞ «እግዚአብሔር ያያል» የሚል ስቲከር የተለጠፈበት። ሁለተኛው ብረት ስቲከሩ ጀርባ ገብቶ ጠፋ። እግዚአብሔርስ አይቶት ይሆናል።

ሆኖም ገባሁ። በግምትም ይሁን በጸሎት ገባሁ። ፍሪሲዮኑን እንደ እንቁላል ይዤ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ቀጥ ብዬ ገብቼ ቆምኩ። ማርሹን ዜሮ አደረግሁ፣ የእጅ ፍሬን ሳብኩ። እጄን ከመሪው ሳነሳ መሪው በላብ ረጥቧል። ፈታኙ ጃንጥላ ስር ተቀምጧል። ቀና እንኳ ሳይል፣

«ነክተሃል» አለ።

«የቱን ጌታዬ?»

«ከኋላ በግራ ያለውን።»

ዞሬ አየሁ። ብረቱ ይወዛወዛል። እርግጥ ነው፣ ይወዛወዛል። የየካቲት ነፋስ ነዋ! ሜዳው ላይ ያለውን ፌስታል ሁሉ ሰብስቦ ወደ ሰማይ የሚያወጣ ነፋስ። የፈታኙ ጃንጥላ ራሱ ይወዛወዛል።

«ጌታዬ፣ ነፋስ ነው።»

«ነፋሱ አልተመዘገበም፤ የተመዘገብከው አንተ ነህ። ቀጣይ!»

ይኸው ነው። ይህን ታሪክ ለቅሶ ቤት ተናግሬዋለሁ። ክርስትና ላይ ተናግሬዋለሁ። ባለቤቴ ገና «የካቲት» ስል ተነሥታ ቡና ልታፈላ ትሄዳለች። እናቴ ደግሞ ለጎረቤት «ልጄን ከዚያ ፈተና ወዲህ ትንሽ ነካ አድርጎታል» ብላ አስወርታብኛለች። ተመልከቱ እንግዲህ ይህን ቃል! ብረቱን ነካ የተባልኩት እኔ፣ ዞሮ ዞሮ የተነካሁትም እኔ። አማርኛ ሲጨክን እንዲህ ነው። አንዳንዴ ሳስበው፣ ነክተሃል መባሌ ካልቀረ በነካ እጄ አንዱን ብረት ከነጣሳው ገጭቼው ብወጣ ኖሮ ቢያንስ ይወጣልኝ ነበር።

ደግሞስ እንነጋገር ከተባለ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ብቻውን መኪና ያቆመ ሰው ማን ነው? እስቲ አንድ ሰው ጥሩልኝ። መኪናህን ወደ ጥግ ጠጋ ስታደርግ፣ ከመሬት ይብቀል ከሰማይ ይውረድ ያልታወቀ ሰው ከኋላህ ቆሟል። እጁን እንደ ቄጠማ እያወዛወዘ «ና! ና! ና! ና!» ይላል። ዘበኛ ሊሆን ይችላል። ሊስትሮ ሊሆን ይችላል፤ አንድ እግሩ የተቀባ አንድ እግሩ ያልተቀባ ደንበኛውን በርጩማ ላይ ትቶ የመጣ። ግን ብዙ ጊዜ ምንም የማያገባው መንገደኛ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ብብቱ ስር ፋይል ያቀፈ፣ በግልጽ ለቀጠሮ የረፈደበት ሰው ፋይሉን የሰው መኪና ኮፈን ላይ አስቀምጦ ሲያስገባኝ አይቻለሁ። ሲጨርስ ፋይሉን አንሥቶ ሮጠ። ስሙን እንኳ አላወቅሁም።

የዚህ ሙያ ሕጎች ጥልቅ ናቸው። «ና ና ና» ፈጠን ፈጠን ብላ ከመጣች ገና ሁለት ክንድ አለህ ማለት ነው። «ናአ… ናአ…» ብላ ከተጎተተች አንድ ስንዝር። «በቃ!» ስትሰማ ግን አልፏል፤ «በቃ» ምንጊዜም የምትመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። አንዳንዱ «በቃ»ን በአፉ አይናገራትም፣ የመኪናህን ቂጥ በመዳፉ ደለቅ ያደርገዋል። ሁለት ጊዜ ከደለቀ ቁም ነው። አንድ ጊዜ ከደለቀ ጀምረሃል፣ ቀጥል ነው። ሦስት ጊዜ ከደለቀ ደግሞ እግሩ ላይ ወጥተሃል።

አንድ የሚገርመኝ ነገር ልጨምር። እኛ እንኳንስ ታላቃችንን፣ እኩያችንንም ካላወቅነው «እርስዎ» የምንል ሰዎች ነን። ወደ ኋላ ለሚነዳ ሰው ግን ማዕረግ የለም። ጳጳስም ይሁን ሚኒስትር፣ የኋላ ማርሽ ካስገባ «አንተ» ነው። እውነትም «ይምጡ አባታችን፣ ይምጡ፣ ትንሽ ይምጡ» እያለ ቢያከብራቸው ቃሉ ሳያልቅ አጥር ውስጥ ይገባሉ። «ና» አንድ ፊደል ናት፤ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ይመስለኛል። ሴት ስትነዳ «ነይ» ትሆንና እዚያች ላይ ትንሽ ጊዜ ይባክናል።

ሁለት ሰዎች ከመጡልህ ግን አለቀልህ። አንዱ በቀኝ ቆሞ «ስበር! ሙሉውን ስበር!» ይላል፣ ሌላው በግራ ቆሞ «መልስ! ኧረ መልስ!» ይላል። ከዚያ እርስ በርስ ይጣላሉ። «አንተ ደግሞ መንዳት ትችላለህ?» «አንተስ?» ሁለቱም አይችሉም። አንተ አስፋልቱ መሃል ተጋድመህ ትጠብቃለህ፣ ከኋላህ ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ወያላው አንገቱን አውጥቶ ሦስተኛ ሐሳብ ይሰጣል።

ጎረቤቴ አምና የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገር የሚገባው የቤት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ብቻ እንዲሆን ስለተወሰነ፣ ወደደም ጠላም እሱን ነው የገዛው። ፍሪሲዮን የለው፣ ካምቢዮ የለው። (ጣሊያን አምስት ዓመት ተዋግቶ ባይሳካለትም በኮፈን ስር ቃሉን ቀብሮልን ሄዶ ነበር፤ ፍሬቻው፣ ስፖኪዮው፣ ማርሚታው፣ ጎሚስታው። አሁን ቻይና መጥታ አንድ በአንድ እያስለቀቀችው ነው።) የጎረቤቴ መኪና የኋላ ካሜራ አላት። ግድግዳ ሲቀርብ ጢጥ ጢጥ ትላለች። በጣም ሲቀርብ ጢጢጢጢ ብላ ትጮሃለች። የግቢያችን ዘበኛም ከኋላዋ ቆሞ «ና! ና! ና!» ይላል። ጎረቤቴ ማንን እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? ዘበኛውን። ባለፈው መስቀል ሰሞን የኋላ መብራቷን ሲያስጠግን «ማሽን ምን ያውቃል» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ታዲያ መንገዱ እንዲህ ከሆነ፣ ፈተናው ለምን ብቻችንን ይፈትነናል? አንድ «ና ና» ባይ ከኋላ ያቁሙልን! እርሱ እያሳሳተን ሳንነካ መግባት ነው እንጂ ችሎታ።

ይሄን ሳስብ ደግሞ አጼ ምኒልክ ትዝ ይሉኛል። ምን አገናኘው አትበሉኝ፣ ይገናኛል። በ1900 ዓ.ም. ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ፣ የመኪና መንገድ በሌለበት አገር ወራት ተጉዞ፣ አዲስ አበባ ገባ። ንጉሠ ነገሥቱ አልፈሩም፣ ተሳፈሩ። እንደሚተረከው ራሳቸውም መሪ ጨብጠዋል። እሺ፣ ማን ፈተናቸው? ጃንጥላ ስር ተቀምጦ ቀና ሳይል «ጃንሆይ፣ ነክተዋል» የሚል ማን ነው? እርሳቸው «ነፋስ ነው» ካሉ ነፋስ ነው። የነፋሱ ስም ባይመዘገብም ይመዘገባል። መኪና በዚህ አገር ያለ ፈተና ነው የጀመረው ማለቴ ነው። በኋላም ቢሆን እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ በግራ ነበር የምትነዳው። ያን ዓመት ወደ ቀኝ ዞረች። ነፍሱን ይማረውና ሹፌር የነበረ አጎቴ፣ የሃያ ዓመት ሹፌር ሁሉ በአንድ ጀምበር ለማጅ የሆነበት ጊዜ እያለ ይተርክልን ነበር። ለእነርሱም ዳግመኛ ብረት የተከለ የለም። ግራ የገባው በቀኝ ሄደ፣ አለቀ።

ለማንኛውም በሁለተኛው ፈተና አለፍኩ። ስለእሱ የምለው የለኝም፤ ነፋስ አልነበረም።

የሞተሩ ግን ይወራል። በ2011 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሰልፍ ሲያንገሸግሸኝ የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተነሣሁ። የሞተር ፈተና ስምንት ቁጥር ነው። ሜዳው ላይ በተሰመረው ስምንት ላይ በዝግታ ትዞራለህ። እግርህ መሬት ከነካ ወደቅህ። (አያችሁ? እዚህም ነካ።) በሕይወቴ ከቦሌ ፒያሳ ስመላለስ አንድም ቀን ስምንት የሚሠራ መንገድ አላጋጠመኝም፤ ሰክሮ ከሚነዳ ሰው በስተቀር።

ደግሞ የማን ስምንት ነው? የፈረንጅ ስምንት። የራሳችን ፰ እያለ! እርግጥ በግዕዙ ብንፈተን ችግር አለው። የግዕዝ ቁጥር ሁሉ ከላይ ክዳን ከታች ምንጣፍ አለው። መሃሉን ዞረህ ስትጨርስ ሞተሩን ተሸክመህ ወደ ላይ ትሄድና ክዳኑን ትነዳለህ፣ እንደገና ተሸክመህ ትመለስና ምንጣፉን ትነዳለህ። ከባድ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። በግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለም። ፈታኙ ምን ያህል ቢጠላኝ ከ፩ በታች ሊሰጠኝ አይችልም።

በፈረንጁ ስምንት ዞርኩ። የላይኛውን ቀለበት ጨርሼ ወደ ታችኛው ስገባ ሞተሩ ዘመም አለ፣ ግራ እግሬ ወረደ፣ ጫማዬ ጠጠሩን ሲልጠው በደንብ ተሰማኝ። ነካሁ። ይሄኛው ነፋስ አይደለም፣ ነካሁ። ፈታኙን ቀና ብዬ ሳይ ከቆሎ ሻጭ ልጅ ጋር መልስ እየተቆጣጠረ ነው። ዞሬ ጨረስኩ። «አልፈሃል» አለኝ። ዝም አልኩ። እናንተስ ብትሆኑ?

እግዜር ግን ዝም አላለም። ሞተር ለመግዛት ብር ሳጠራቅም፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር ማንቀሳቀስ ተከለከለ። ሞተር ላይ ሆነው ስልክና ቦርሳ የሚነጥቁ በዝተው ነበር። ስለዚህ በከተማዬ የማልነዳውን የምነዳበት ፈቃድ ይዤ ቀረሁ። አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ብቻውን ስምንት ይዞራል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ልናገር፣ አትሳቁ።

በእነዚያ ሁሉ ቀናት፣ በልምምዱም በፈተናውም፣ መኪናዬ ፊት አንድ ሰው አልተሻገረም። ልጅ አልሮጠም። ኳስ አልተንከባለለም። ዓይነ ስውር በትሩን አልዘረጋም። ስለ እግረኛ የተጠየቅሁት ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። መልሱ ደግሞ ረጅሙ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ብረት ከነካህ ወደቅህ። ሰው ስለመንካት የፈተነኝ የለም። እኔ በነፋስ ስወድቅ፣ ያንን ሜዳ በእግሩ ያልረገጠ አንድ የማውቀው ሰው የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ ኪሱ ገባለት። ስንት እንደከፈለ የነገረኝ በኩራት ነው፣ ቢራ እየጋበዘኝ። እኔም ጠጣሁለት! ያ ሰው ዛሬ ስድሳ ነፍስ ጭኖ ገደል አፋፍ ላይ ይቀድማል። ከዚያ አንድ ቀን ማለዳ ሬዲዮኑ «ተሽከርካሪው መንገዱን ስቶ» ይለናል። ተሽከርካሪው! እንደ ጠጣ፣ እንደ ሰከረ፣ ጉቦ እንደ ሰጠ፣ ተሽከርካሪው ራሱ። ሹፌሩ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለም። ፈታኙም የለም። ቢራውን የጠጣሁት እኔም የለሁም። ሟቾቹ ብቻ በቁጥር አሉ።

ተናደድኩ መሰለኝ። ቆይ፣ ውሃ ልጎንጭ።

እኔም ብሆን ንጹሕ አይደለሁም። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ሾላ ገበያ አካባቢ፣ በቀኝ ስፖኪዮዬ የአንዲት እናት ዘንቢል ነካሁ። ዘንቢሉ ዞረ፣ ቲማቲሙ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ዘልዬ ወረድኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል።

«እናቴ፣ ይቅርታ፣ ተጎዱ?»

«ምንም አልሆንኩ ልጄ። እኔን አልነካኸኝም፣ ዘንቢሉን ነው።»

አጎንብሼ ለቀምኩ። ከኋላ ያለው ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። እርሳቸው ቆመው ይቆጥራሉ። «አንዷ ጎማው ስር ናት» አሉኝ። አወጣኋት፣ በመሐረቤ ጠረግኋት፣ ዘንቢሉ ውስጥ ከተትኳት። ልከፍል ኪሴ ስገባ እጄን ያዙኝ። «ብቻ ቀስ በል። የት ልትደርስ ነው?»

ጸጉሬን ልስተካከል ነበር የምሄደው። አልነገርኳቸውም።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ መንጃ ፈቃዴ የሚታደስበት ጊዜ ደረሰና ለሕክምና ምርመራ ሄድኩ። ደም ግፊት ተለካሁ፣ ተመዘንኩ፣ ከዚያ ዓይን። ግድግዳው ላይ ያ እግር አወጣጡ ወዲያና ወዲህ የሆነ ፊደል ተደርድሯል። መርማሪዋ ልጅ እግር ናት።

«ቀኝ ዓይንዎን ይሸፍኑ። ይቺ ወዴት ነው የምታየው?»

«ወደ ላይ።»

«ይቺስ?»

ዝም አልኩ። ፊደሏ ትወዛወዛለች።

«ወረቀቱን ነፋስ እየነካው ነው እንዴ?» አልኳት።

መስኮቱ ዝግ ነበር። የሆነ ነገር ጻፈች። ግራ ዓይኔ ደከም ማለቱን፣ መነጽር እንደሚያስፈልገኝ ነገረችኝ። ከመቼ ጀምሮ ሊሆን ይችላል ብዬ ጠየቅኋት። «የቆየ ይመስላል። ከልጅነት ጀምሮ የሆነባቸውም አሉ፣ ሳያውቁት ይኖራሉ» አለች፤ ቀና ሳትል።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ የነገርኳት መነጽር መታዘዙን ብቻ ነው። ለየትኛው ዓይን እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ራሷ አነበበች። ረጅም ጊዜ አየችኝ።

«ያ ብረት በየት በኩል ነበር ያልከኝ?»

«በቀኝ» አልኳት። በቀኝ ነበር መሰለኝ። ቆይቷል እኮ። ደግሞ የየካቲት ነፋስ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከምሥራቅ በኩል ነው ይባላል፤ ሜዳው ደግሞ በሩ ወዴት እንደነበር አሁን ትዝ አይለኝም። አንድ ቀን ሄጄ ማየት አለብኝ። መነጽሩ ረቡዕ ይደርሳል ብለውኛል፤ ጥቁሩ ፍሬም ያስረጅሃል፣ ቡናማውን ያዝ የሚሉ አሉ።